ባንኩ ጠፋ፣ የድሆቹ ሰፈር ቀረ፦ የፉገራይ 500 ዓመታት

የቤት ኪራዩ 88 የዩሮ ሳንቲም ነው። በወር አላልኩም፤ በዓመት።

ቦታው አውግስቡርግ ነው። በደቡብ ጀርመን፣ ባቫሪያ ውስጥ ያለች አሮጌ የንግድ ከተማ ናት። ሰፈሩ ደግሞ ፉገራይ ይባላል። በአጥር የተከበበ፣ የራሱ ቤተ ክርስቲያን ያለው፣ በሮቹ ማታ ማታ የሚዘጉ ትንሽ ሰፈር ነው። ዛሬ 67 ሕንፃዎች ውስጥ 140 ገደማ መኖሪያዎች አሉት፤ ወደ 150 ሰው ይኖርባቸዋል። እስቲ ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ሁሉም ተከራይ አንድም ሳያጓድል ቢከፍል፣ የሰፈሩ የዓመት ኪራይ ተሰብስቦ 123 ዩሮ አካባቢ ነው የሚሆነው። በዚህ ገንዘብ የአንድ ጣሪያ ጥገና እንኳ አይሸፈንም።

ሰፈሩ ግን ከ500 ዓመት በላይ ቆሟል። ዛሬም ሰው ይኖርበታል። በዓለም ላይ እስካሁን ከሚሠሩት የድሆች የጋራ መኖሪያ ሰፈሮች ሁሉ አንጋፋው እንደሆነም በሰፊው ይነገርለታል። ያቋቋመው የንግድና የባንክ ድርጅት በበኩሉ፣ በዘመኑ ነገሥታትን ያበድር የነበረው ያ ድርጅት፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ላይ ሒሳቡን ዘግቶ ጠፍቷል። ይህን ጉዳይ እንድጽፍበት ያደረገኝም ይኸው ነው። ነጋዴው ለትርፍ የሠራው ነገር አለቀ። ለነፍሱ የሠራው ቀረ። እንዴት?

ከመቀጠሌ በፊት፣ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው

ያኮብ ፉገር በ1459 ተወለደ። አያቱ ሸማኔ ነበር፤ በ1367 ከገጠር ወደ አውግስቡርግ ገብቶ በጨርቅ ሥራ ራሱን የቻለ ሰው ነው። የልጅ ልጁ ግን በጨርቅ አልቆመም። ያኮብ የንግዱን ሙያ ቬኒስ ላይ ቀሰመ። ከዚያ ወደ ማዕድን ገባ። በቲሮል ብር፣ በሃንጋሪ መዳብ። አሠራሩ ብልጠት ነበረበት፦ ለመኳንንቱ ገንዘብ ያበድራል፣ እነሱ መክፈል ሲያቅታቸው የማዕድኑን ገቢ ይወስዳል። መኳንንት ደግሞ ብዙ ጊዜ መክፈል ያቅታቸዋል።

በ1519 ጀርመንን ለሚያጠቃልለው የቅድስት ሮማ ግዛት አዲስ ንጉሠ ነገሥት ሲመረጥ፣ የስፔኑ ካርል አምስተኛ መራጮቹን መሳፍንት ለማግባባት ወደ 850 ሺህ ጉልደን (የዘመኑ የወርቅ ገንዘብ) አወጣ። ከዚህ ውስጥ ከ540 ሺህ በላይ የሚሆነው የፉገር ገንዘብ ነበር። ቀጥታ እንነጋገር ከተባለ ጉቦ ነው። ካርል ዘውዱን ጫነ፤ ብድሩን መክፈሉ ላይ ግን ተንቀራፈፈ። ያኮብ በ1523 ደብዳቤ ጻፈለት። ያለ እኔ እርዳታ ዘውዱን ባላገኘህ ነበር የሚል መልእክት ያለው ደብዳቤ ነው። አንድ ነጋዴ ለንጉሠ ነገሥት እንዲህ ሲጽፍ አስቡት።

ከቤተ ክህነቱ ጋርም ሥራ ነበረው። የማይንዙ ሊቀ ጳጳስ አልብሬክት ለሹመቱ ወደ ሮም የሚከፍለውን ከፉገር ተበደረ። ዕዳውን ለመክፈል በጀርመን ምድር የኃጢአት ማስተስረያ ወረቀት እንዲሸጥ ተፈቀደለት። ከሽያጩ ግማሹ ሮም ለሚሠራው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን፣ ግማሹ ለብድሩ። በ1517 ማርቲን ሉተርን ያስቆጣው ሽያጭ ይኸው ነው። ዓለም ትንሽ ናትና፣ በ1518 ሉተር ለጥያቄ አውግስቡርግ ሲጠራ የሮማው ሊቀ ጳጳሳት መልእክተኛ የተቀበለው በፉገሮች ቤት ነበር። ሉተር ከሁለት ዓመት በኋላ ባወጣው ጽሑፍ ላይ ፉገርን በስም ጠርቶ ወቅሶታል።

እንግዲህ የድሆቹ ሰፈር የተሠራው በዚህ ሁሉ መሀል ነው። ግንባታው በ1516 ተጀመረ። በ1523 የመጀመሪያዎቹ 52 ቤቶች ቆመው ነበር። የመሥራቹ ሰነድ የተፈረመው ነሐሴ 23 ቀን 1521 ነው። ያኮብ በራሱና በሟች ወንድሞቹ በኡልሪክና በጌዎርግ ስም ነው ያቋቋመው። ሰነዱ ሦስት ነገሮችን በአንድ ላይ ያስራል፦ በቅድስት አና ቤተ ክርስቲያን የሚገኘውን የቤተሰቡን የመቃብር ጸሎት ቤት፣ በቅዱስ ሞሪትዝ የሰባኪ ደመወዝን፣ እና የድሆቹን ሰፈር።

ለምን አደረገው? አንዳንዱ ለስሙ ነው ይላል። አንዳንዱ የሲኦል ፍራቻ ይላል። እኔ ሁለተኛው ወደ እውነቱ ይቀርባል ባይ ነኝ። ሰውየው በወለድ የከበረ ነው፤ በዘመኑ ወለድ መውሰድ ኃጢአት ነው አይደለም የሚለው ክርክር ገና አልበረደም ነበር። እንዲያውም በ1515 ዮሐንስ ኤክ የተባለው የሥነ መለኮት ምሁር ቦሎኛ ድረስ ሄዶ አምስት በመቶ ወለድ ኃጢአት አይደለም ብሎ ሲከራከር ወጪውን የቻለው ፉገር ነው። ነገሩ ያላስጨነቀው ሰው ይህን ያህል ርቀት አይሄድም።

ምን ዓይነት ድሃ?

ሰፈሩን ከሌሎች የሚለየው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ትንሽ ልቆይበት።

በዚያ ዘመን የድሆች ቤት ሲባል ብዙውን ጊዜ አንድ ትልቅ አዳራሽ ነው። አልጋ በተርታ ተደርድሮ፣ በአንድ ደወል ተነስቶ፣ በአንድ ደወል ተመግቦ፣ አንዳንዴም አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ የሚኖርበት። ፉገራይ እንዲህ አልነበረም። ሰነዱ የሚናገረው ስለ ቀን ሠራተኞችና ስለ እጅ ባለሙያዎች ነው። ማለትም ሥራ ያላቸው ግን ያልሞላላቸው፣ ሕመም ወይም የሥራ መቀዝቀዝ የጣላቸው፣ ወጥተው መለመን ይሉኝታ የያዛቸው ሰዎች። ለማኝ አይገባም። ጨካኝ ይመስላል፤ ነውም። ከተማዋ ራሷ በ1522 ባወጣችው የምጽዋት ደንብ ልመናን ለመቆጣጠር ስትነሳ፣ የፉገር ሰፈር ለማኝ የመሆን ጫፍ ላይ የደረሰውን ሰው ከመውደቁ በፊት የሚይዝ ቦታ ሆነ።

ለዚህ ዓይነቱ ሰው የሚሰጠው ነገር ደግሞ የራስ በር ነው።

ግንበኛው ቶማስ ክሬብስ የሠራቸው ቤቶች ባለ አንድ ፎቅ ናቸው። በተርታ የተያያዙ፣ ሁሉም ተመሳሳይ፣ ቀጥ ባሉ ጠባብ መንገዶች ግራና ቀኝ የተሰለፉ። በእያንዳንዱ ሕንፃ ሁለት መኖሪያ አለ፤ አንዱ ምድር ላይ፣ አንዱ ፎቅ ላይ። ስፋቱ 60 ካሬ ሜትር አካባቢ ነው። ማድ ቤት አለው፣ ሳሎን አለው፣ መኝታ ቤት አለው። ለዛሬ ሰው እንኳ አይከፋም፤ የኮንዶሚኒየም ስቱዲዮን ያስንቃል። የምድር ቤቱ ነዋሪ ከኋላ ትንሽ ጓሮ ያገኛል። የፎቁ ነዋሪ ደግሞ የጣሪያ ሥር ቆጥ አለው።

ዋናው ጉዳይ ግን ፎቅና ምድር በሩ የተለያየ መሆኑ ነው። የፎቁ ሰው በምድር ቤቱ ሰው ሳሎን አልፎ አይገባም። ሁለቱም ከመንገዱ በቀጥታ የሚከፈት የየራሳቸው በር አላቸው። ሕንፃዎቹን ከመንገዱ ስታዩአቸው በሮቹ ጎን ለጎን ጥንድ ጥንድ ሆነው ቆመዋል፤ አንዱ ወደ ውስጥ፣ አንዱ ወደ ደረጃ። ለመሠራት ሁለት በር ከአንድ በር ይወደዳል። ለድሃ ቤት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚቆጥበው እንዲህ ያለውን ነው። እዚህ ግን አልተቆጠበም።

ከበሮቹ አጠገብ የደወል መጎተቻ አለ። ከብረት የተሠራ፣ በቀጭን ዘንግ ላይ የተንጠለጠለ። መጎተቻዎቹ ግን እንደ ቤቶቹ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ቅርጻቸው ከበር በር ይለያያል። አንዱ የቅጠል ቅርጽ አለው፣ ሌላው የጥድ ፍሬ ይመስላል። ምክንያቱ ተራ ነው። የመንገድ መብራት ባልነበረበት ዘመን ሰው በጨለማ ሲገባ፣ ሁሉም ቤት አንድ መልክ ስለሆነ፣ ቤቱን የሚለየው ብረቱን በእጁ ዳስሶ ነው። ዛሬ ቱሪስቱ የሚያነሳው ጌጥ ያኔ የቤት ቁጥር ነበር ማለት ነው።

ኪራዩ በዓመት አንድ የራይን ጉልደን ሆኖ ተቆረጠ። ለእጅ ባለሙያ ከኪስ ሲወጣ የሚሰማ ገንዘብ ነው፤ ከከተማው ኪራይ ጋር ሲተያይ ግን ርካሽ። እዚህ ላይ ያኮብ ነጋዴነቱን አልተወም። በነፃ አልሰጠም። ተከራይ ተከራይ ነው። የሚከፍል ሰው ደግሞ ቀና ብሎ ይሄዳል። ቁጥሩ ግን ሰነዱ ላይ ከሰፈረ በኋላ አልተነካም። ጉልደን ቀረ፣ ማርክ መጣ፤ 1.72 ማርክ ሆነ። ማርክ ቀረ፣ ዩሮ መጣ፤ 0.88 ሆነ። የመብራትና የማሞቂያ ወጪውን ነዋሪው ራሱ ይሸፍናል፤ እሱ ግን እንደ ዘመኑ ዋጋ ነው።

ሌላው ክፍያ ጸሎት ነው። ነዋሪው በየቀኑ ሦስት ጸሎት ያደርሳል፦ አባታችን ሆይ፣ ጸጋ የሞላሽ ማርያም ሆይ፣ እና ጸሎተ ሃይማኖት። ለመሥራቹና ለቤተሰቡ ነፍስ ነው። ማን ይቆጣጠራል? ማንም። በየቤቱ ገብቶ የጸለየና ያልጸለየ የሚመዘግብ የለም። ነገሩ በነዋሪውና በአምላኩ መካከል ነው። ያኮብ ስለ ኪራዩ ሒሳብ ያዥ ነበረው፤ ስለ ጸሎቱ ግን እምነት ጣለ።

አምስት መቶ ዓመት እንዲህ በቀላሉ አላለፈም

የሰፈሩን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከመሥራቹ ወደ ዛሬው ዘለው ያልፋሉ። መሀሉ ግን ጣፋጭም መራራም ነው።

የመጀመሪያው ችግር ሃይማኖት ነበር። ሰፈሩ ሲቋቋም ሁሉም ካቶሊክ ነው። ብዙም ሳይቆይ አውግስቡርግ ወደ ሉተር አዘነበለች፤ በ1537 የከተማው ምክር ቤት የካቶሊክ ቅዳሴን ከለከለ። የፉገሮች ቤተሰብ ግን በካቶሊክነቱ ጸና። ነዋሪዎቹ ለቅዳሴ ሩቅ መሄድ ሲከብዳቸው በ1581 እና 1582 በግቢው ውስጥ የቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ተሠራ። ከዚህ ወዲያ ካቶሊክ መሆን የመግቢያ መስፈርት ብቻ ሳይሆን የወገን ምልክትም ሆነ።

በ1520ዎቹ ደግሞ በግቢው ውስጥ የቂጥኝ ሕሙማን የሚታከሙበት ቤት ነበር። በዘመኑ አውሮፓን ያመሰው በሽታ ነው። መድኃኒቱ ከአሜሪካ የሚመጣ ጓያክ የሚባል እንጨት ተቀቅሎ የሚጠጣ ሲሆን፣ ቤቱም ከዚሁ የተነሳ የእንጨት ቤት ተባለ። እንጨቱን ከሚነግዱት አንዱ ማን ነበር? ፉገር። ያው ነጋዴ ነጋዴ ነው።

ከዚህ ቤት ጋር የተያያዘ አንድ ታሪክ አለ፤ ሳይነሳ መታለፍ የለበትም። ዶሮቴያ ብራውን በፉገራይ ሕሙማን አስታማሚ ነበረች። በ1625 የአሥራ አንድ ዓመት ልጇ ማሪያ፣ እናቴ ጠንቋይ ናት፣ እኔንም አስተምራኛለች ብላ ተናገረች። ልጅ የተናገረው ነው ብሎ ያለፈው አልተገኘም። ከተማው እናቲቱን አሰረ፣ በስቃይ መረመረ፣ ቃሏን ተቀበለ። በዚያው ዓመት መስከረም 25 ቀን ተገደለች። በአውግስቡርግ በጠንቋይነት ተከሰው ከተገደሉት ሴቶች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። ድሃን ከመንገድ ላይ ያወጣ ግንብ ከከተማው ፍርሃት ግን አላዳነም። ስለ ፉገራይ ስናወራ ጓሮና ደወል ብቻ ማውራት ደግ አይሆንም።

ቀጥሎ ጦርነት መጣ። ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች በተፋለሙበት በሠላሳው ዓመት ጦርነት፣ ፕሮቴስታንቶቹ ስዊድኖች በ1632 ከተማዋን ያዙ። ካቶሊክ ለሆኑት የሰፈሩ ሰዎች ክፉ ዘመን ሆነ፤ ተባረሩ፣ ወታደር ገባበት፣ ቤቶቹ ክፉኛ ተጎዱ። ሰላም ሲወርድ ደግሞ የሚጠግነው ገንዘብ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ ተከተለ። እሱን ከታች አነሳዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ከገቡት ነዋሪዎች መካከል ፍራንዝ ሞዛርት የሚባል ግንበኛ አለ። ከ1681 ጀምሮ በ1694 እስኪሞት ድረስ በመካከለኛው መንገድ በቁጥር 14 ኖረ። የሙዚቃ ሊቁ የቮልፍጋንግ አማዴዎስ ሞዛርት ቅድመ አያት ነው። ዛሬ በሩ ላይ ጽሑፍ ተለጥፎበታል። ሙያ ያለው፣ ቤተሰብ ያለው፣ ግን ያልሞላለት ሰው፤ ያኮብ በሰነዱ የጻፈው ዓይነት ድሃ ልክ እሱ ነበር።

ከዚያ ለሁለት መቶ ዓመት ብዙም የሚወራ ነገር የለም። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ፣ ጣሪያ ተጠገነ። እንዲህ ላለ ቤት ዝምታ ጤና ነው።

ትልቁ አደጋ የመጣው በ1944 ነው። በየካቲት 25 ቀንና በዚያው ሌሊት የአሜሪካና የእንግሊዝ አውሮፕላኖች አውግስቡርግን ደበደቡ። ከፉገራይ ሁለት ሦስተኛው ወደመ። በግቢው ውስጥ የተሠራ ከመሬት በታች ያለ መጠለያ ነበርና ነዋሪዎቹ እዚያ ገብተው ተረፉ። መጠለያው ዛሬ ሙዚየም ነው። የገረመኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። ድብደባው ካለፈ ሳምንት ሳይሞላ፣ መጋቢት 1 ቀን 1944፣ የፉገር ቤተሰብ ምክር ቤት ሰፈሩን እንደነበረ መልሰን እንሠራለን ብሎ ወሰነ። ጦርነቱ ገና አላለቀም። ከተማው ገና ይጨሳል። ሲሚንቶ የለም፣ ሠራተኛ የለም። ሐሳቡን የሚያሳካ ምን ነበራቸው? ደን።

ገንዘቡ

ወደ ቁም ነገሩ ደረስን።

ያኮብ ለሰፈሩ ያስቀመጠው መነሻ ገንዘብ 10 ሺህ ጉልደን ነው። ለሰፈሩ ትልቅ ገንዘብ ነው፤ ለእሱ ግን ኪሱን አላጎደለም። እሱ በ1525 ሞቶ በ1527 ሒሳብ ሲዘጋ የድርጅቱ የተጣራ ሀብት 2 ሚሊዮን ጉልደን ገደማ ነበር። ለካርል ምርጫ ካወጣው ጋር አወዳድሩት። ለአንድ ዘውድ ያፈሰሰው ለድሆቹ ካስቀመጠው ከ50 እጥፍ ይበልጣል። ስለዚህ የሰፈሩን ዕድሜ በቸርነቱ ብዛት ለማስረዳት መሞከር አያዋጣም።

የበለጠ የሠራው ገንዘቡን ያሰረበት መንገድ ነው። ቤቶቹና ገንዘቡ ከንግዱ ተለይተው ራሱን የቻለ ተቋም ሆኑ። ወራሽ አይከፋፈለውም። አበዳሪ ንግዱን ቢከስስ ሰፈሩን አይነካም። ቤተሰቡ ያስተዳድራል፤ ባለቤት ግን አይደለም። ባለአደራ ነው። ይህ ወረቀት ላይ ሲነበብ ተራ ይመስላል። ጥቅሙ የታየው ንግዱ ሲወድቅ ነው።

ንግዱም ወደቀ። የያኮብ ወንድም ልጅ አንቶን ድርጅቱን ወረሰ፤ አስፋፋውም። አንዳንዱ መስፋፋት የሚያሳፍር ነው፤ በ1548 ከፖርቱጋል ንጉሥ ጋር የተዋዋለው የነሐስ ቀለበት በምዕራብ አፍሪካ ለባሪያ ንግድ መገበያያ የሚያገለግል ነበር። ዋናው ስህተት ግን የስፔን ዘውድ ላይ መንጠልጠሉ ነው። የስፔን ንጉሥ በ1557 መክፈል አልችልም አለ። በ1575 ደገመው። በ1607 እንደገና። ያበደሩት ፉገሮችም ክፉኛ ተጎዱ። የሠላሳው ዓመት ጦርነት ሲጨመርበት፣ በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የፉገር ድርጅት አከተመ። ቤተሰቡ የመሬት ባላባት ሆኖ ቀረ።

በዚሁ ዘመን የሰፈሩ ገንዘብም አቅጣጫ ቀየረ። ወለድ ላይ የተቀመጠ ገንዘብ ተበዳሪው ሲከስር አብሮ እንደሚከስር በዓይናቸው አዩ። ስለዚህ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሀብቱ ወደ መሬትና ወደ ደን ዞረ። ዛሬ የፉገር ተቋማት ከ3 ሺህ ሄክታር በላይ ደን አላቸው። ጥዱ ይቆረጣል፣ ይሸጣል፣ ይተከላል። ትርፉ አያስቀናም፤ ከዋጋ ንረት በላይ በዓመት ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ነው። ማንም የባንክ ሰው በዚህ አይኩራራም።

ነገር ግን 1923 ላይ ምን እንደሆነ አስቡ። የጀርመን ማርክ ወረቀት ሆነ። በጥሬ ገንዘብና በመንግሥት ቦንድ ላይ የተቀመጡ ስንት የበጎ አድራጎት ገንዘቦች በጥቂት ወራት ባዶ ሆኑ። የፉገራይ ደን ግን ማርኩ ቢወድቅም ባይወድቅም እያደገ ነበር። ከ1944ቱ ድብደባ በኋላ ደግሞ ያው ደን ለመልሶ ግንባታው ዋስትና ሆነ።  መልሶ ግንባታው በ1950ዎቹ አጋማሽ ተጠናቀቀ። ከዚያም አጠገቡ የነበረ የፈረሰ መሬት ተገዝቶ ሰፈሩ እስከ 1973 ድረስ ሰፋ፤ ከ52 ወደ 67 ሕንፃ ያደረሰውም ይህና ቀደም ያሉ ማስፋፊያዎች ናቸው። አዲሶቹን ከአሮጌዎቹ ለመለየት ልምድ ይጠይቃል፤ ሆን ተብሎ ነው እንደዚያ የተሠሩት።

እኔ በዚህ ጉዳይ ከያኮብ ይልቅ የማከብረው እነዚያን ስማቸው ብዙም የማይነሳውን አስተዳዳሪዎች ነው። ነገሥታትን ማበደር ቀርቶ እንጨት እንሽጥ ያሉትን።

ዛሬ እንዴት ይኖራል?

የሚገባው ሰው ሦስት ነገር ያሟላል፦ የአውግስቡርግ ነዋሪ፣ ችግረኛና መልካም ስም ያለው፣ ካቶሊክ። ድሮ ልጆች ያሏቸው ሠራተኛ ቤተሰቦች ይበዙበት ነበር። አሁን አብዛኞቹ ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን ናቸው፤ ጡረታቸው የከተማውን ኪራይ የማይችል። ስለዚህ ደረጃ የሌለበት፣ ጓሮ ያለው የምድር ቤት ይበልጥ ይፈለጋል። የሚያማክራቸውና ጉዳያቸውን የሚከታተል የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያም አለ። አንዳንዶቹ ነዋሪዎች ለግቢው ይሠራሉ፤ የአትክልት ሥራ፣ የሌሊት ጥበቃ።

የሌሊት ጥበቃው ለብቻው ይወራለታል። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ በሮቹ ይዘጋሉ። የሚከፈቱት ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ያመሸ ሰው የበሬ በር በሚባለው ሄዶ ዘበኛውን ይቀሰቅሳል። እስከ እኩለ ሌሊት 50 ሳንቲም፣ ከዚያ ወዲያ አንድ ዩሮ ይከፍላል። ልብ በሉ፤ አንድ ምሽት ከእኩለ ሌሊት በኋላ የገባ ሰው ከዓመት ኪራዩ የሚበልጥ ቅጣት ከፈለ ማለት ነው።

ቱሪስቱም ከዚህ የባሰ ይከፍላል። ለመግባት አንድ ጎብኚ የሚከፍለው ትኬት ብቻ ከአንድ ነዋሪ የዓመት ኪራይ ብዙ እጥፍ ነው። ገቢው ለጥገና ይረዳል። ግን ዋጋው ነዋሪው ላይ ነው። በበጋ ሰው ካሜራ አንግቶ መስኮትህ ሥር ይቆማል፤ ቤቱ ሙዚየም መስሎት በርህን የሚሞክርም አይጠፋም። በቱሪስት መታየትን ከኪራዩ ጋር አብሮ የሚከፈል ሁለተኛ ኪራይ አድርጌ ነው የማየው። አስተዳደሩ ለጎብኚ የሚሆን ባዶ ቤት እንደ ናሙና አዘጋጅቷል፤ ሕዝቡን ከሰው ሳሎን ለማራቅ የተሻለው መላ ይኸው ነው።

ትችቱም ተገቢ ነው። 150 ሰው ለአንድ ትልቅ ከተማ ምንድን ነው? ጠብታ ነው። በ1521 ሁሉም ካቶሊክ በነበረበት ከተማ የተጻፈ መስፈርት ዛሬ ሙስሊሙን፣ ፕሮቴስታንቱን፣ ምንም እምነት የሌለውን ድሃ ከበር ይመልሳል። ተቋሙ የመሥራቹ ቃል ነው ይላል። ቃሉን መጠበቁ ደግሞ ሰፈሩን እስከዛሬ ያቆየው ነገር ነውና መልሱን በአንድ ቃል ውሸት ነው ማለት ይከብዳል። የአንዱን መስመር ቃል ያጠፈ፣ ነገ የኪራዩን ቁጥርም ሊያጥፍ ይችላል። ቢሆንም፣ ይህ ክርክር የሚረዳው ውስጥ ላለው እንጂ ውጭ ለቆመው አይደለም።

ቤተሰቡም እስካሁን አለ። ሦስት የፉገር ቅርንጫፎች በጋራ ምክር ቤት ተቀምጠው ይቆጣጠራሉ፤ የዕለት ሥራውን ደግሞ ተቀጣሪ አስተዳዳሪ ይሠራል። በ2021 የ500 ዓመቱ በዓል ተከበረ። ቤት የሚፈልግ ሰው አሁንም ማመልከቻውን ለአስተዳደሩ ያስገባል፤ ችግሩ ይጣራል፤ ቦታ እስኪለቀቅ ተራውን ይጠብቃል። ቦታ የሚለቀቀው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሰው ሲሞት ነው፤ አንዴ የገባ ሰው እምብዛም አይወጣምና።